ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ላይ የሚለቅ ማሲ ፈርጉሰን 135፦ እጀታዎቹን አንድ በአንድ መለየት

ጥያቄ፦ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 የናፍጣ ትራክተር ገዝቻለሁ። በእጀታዎቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ በሙሉ ጠፍቷል። ካምቢዮው ላይ ሁለት እጀታ አለ፤ ከመሪው አጠገብ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ትንሽ እጀታ፣ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ሌላ፣ ከቀኝ ተረከዜ ሥር ደግሞ ትንሽ ፔዳል አለ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ስረግጥ ፒቲኦውም (ከኋላ የሚሰካውን መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ) አብሮ ይቆማል። ያስፈራኝ ግን ይኼ ነው፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ አንዳንዴ ዜሮ ላይ እንዳለ ይለቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ በዚያው ማርሽ ይዞ ይወርዳል። ካምቢዮው ተበላሽቷል ማለት ነው? ስንት ማርሽ እንዳለውስ በምን ልወቅ?

ምላሽ፦

ከሚያስፈራዎት ነገር እንጀምር፤ ሌላው ሊቆይ ይችላል፣ ይኼ ግን ሰው ይገድላል። የገለጹት ሁሉ የሚያመለክተው ትራክተርዎ መልቲ ፓወር የሚባለው ካምቢዮ ያለው መሆኑን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ እጀታ የእሱ ነው። እጀታው ሁለት ቦታ ብቻ አለው፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ። ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ትራክተሩ ቁልቁለት ላይ ይለቃል። ብልሽት አይደለም፣ ሲሠራም እንዲሁ ነው። በከፍተኛው ላይ ሲሆን ደግሞ ይዞ ይወርዳል። «አንዳንዴ» ያሉት ነገር ምስጢሩ እጀታው በዚያን ሰዓት የት እንደነበረ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቁልቁለት ከመግባትዎ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳሉ፣ ትንሹን እጀታ ከፍተኛው ላይ ያድርጉ። ፍጥነቱን መቀነስ የሚፈልጉ ከሆነ በዋናው ካምቢዮ ዝቅ ያለ ማርሽ ይምረጡ እንጂ በትንሹ እጀታ አይቀንሱ። ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች በመቆለፊያቸው አያይዟቸው፤ ተለያይተው ሳለ አንዱን ብቻ ቢረግጡ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ በተለይ ተጎታች ካለ ይገለበጣል።

ለምን እንደሚለቅ ካወቁ ሁለተኛ አይረሱትም። ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል ዋናው ካምቢዮ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሁለት ጥንድ ጥርሶች በኩል ማለፍ ይችላል። ቀርፋፋው ጥንድ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ባንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ መያዣ ነው። የብስክሌትን የኋላ ጎማ ያስቡ፤ ፔዳሉን ሲመቱ ይይዛል፣ መምታቱን ሲያቆሙ ጎማው ፔዳሉን ትቶ ብቻውን ይሽከረከራል። ፈጣኑ ጥንድ ግን የሚያያዘው በዘይት ግፊት በሚጨመቁ ዲስኮች ነው፤ ትንሹ እጀታ የሚያዘው ይህንን የዘይት መንገድ ነው። እጀታው ከፍተኛው ላይ ሲሆን ዘይቱ ዲስኮቹን ይጨምቃል፣ ዘንጉ ፈጠን ይላል፣ ቀርፋፋው ጥንድ ያለ ሥራ ይሽከረከራል። ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ግፊቱ ይለቀቅና ሥራው ለቀርፋፋው ጥንድ ይቀራል። ሜዳና ዳገት ላይ ሞተሩ ጎማውን ስለሚገፋ መያዣው ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ግን ጎማው ከሞተሩ ቀድሞ መሮጥ ይፈልጋል፤ መያዣውም እንደ ብስክሌቱ ይለቀዋል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ማርሹም ገብቶ፣ ትራክተሩ ብቻ ይሮጣል። በሪትሮ ማርሽ ወደ ኋላ እየወረዱም ያው ነው፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል ከዋናው ካምቢዮ ቀድሞ የተቀመጠ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ግፊቱም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ እጀታው ከፍተኛው ላይ ቢሆንም የቆመ ትራክተር በማርሽ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቢገፋ አይያዝም። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ትራክተሩን ትቶ መሄድ አይቻልም፤ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ ባትሪ ሲደክም ጎትቶ ወይም ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር ለዚህ ትራክተር የለም። ጎማው ሞተሩን የሚያዞርበት መንገድ ተቆርጧል።

ይህ ግምት መሆኑ ቀርቶ እርግጥ እንዲሆን በሜዳ ይፈትኑት። ደረቅ፣ ደልዳላ መሬት ላይ 10 ሜትር ለክተው ሁለት ምልክት ያድርጉ። መካከለኛ ማርሽ ያስገቡ፣ የነዳጅ እጀታውን አንድ ቦታ ላይ ያቁሙና እስከ መጨረሻው አይንኩት። ትንሹ እጀታ ዝቅተኛው ላይ ሆኖ ምልክቶቹን ለማለፍ የሚፈጀውን ሰከንድ ይያዙ፣ ከዚያ ከፍተኛው ላይ አድርገው ይድገሙ። መልቲ ፓወር ጤነኛ ከሆነ ፍጥነቱ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዝቅተኛው 13 ሰከንድ ከፈጀ በከፍተኛው ወደ 10 ሰከንድ ይጠጋል። እየሄዱ ሳለ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ እጀታውን ቢያንቀሳቅሱ ለውጡ ወዲያው ሊሰማዎት ይገባል፤ የተሠራው ለዚህ ነው። 10 ሜትርን በሰከንዱ አካፍለው በ3.6 ሲያበዙ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ያገኛሉ፤ 10 ሜትር በ12 ሰከንድ ማለት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ነው። የሁሉንም ማርሽ ፍጥነት በዚህ ለክተው ወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ ከማንኛውም የጠፋ ጽሑፍ የተሻለ ሰንጠረዥ ይኖርዎታል።

አሁን ወደ ሌሎቹ እጀታዎች። ከመንካትዎ በፊት ትራክተሩ ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹ በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግባቸው፣ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ፣ ከፒቲኦው ላይ ማንኛውም መሣሪያ ይነቀል፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አይቁም። የሞተር ማጥፊያውን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ይለዩ። የናፍጣ ሞተር ቁልፍ ስለዞረ ብቻ ላይጠፋ ይችላል፤ በዚህ ትራክተር ላይ ነዳጁን የሚዘጋው የሚሳብ ጉብታ ነው። እጅዎ ሳይፈልግ የሚያገኘው እስኪሆን ይለማመዱት።

እጀታን በቅርጹ ወይም በቀለሙ አይለዩት። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ትራክተር ጉብታዎቹ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። የሚያምኑት ነገር እጀታው ከታች የት እንደሚገባ ነው። በእጅዎ ዘንጉን ተከትለው ወደ ታች ይውረዱ። ከካምቢዮው ክዳን አናት ላይ የሚወጣ እጀታ የማርሽ ነው። ከመቀመጫው በፊት ባለው የመካከለኛው ቤት ጎን ዝቅ ብሎ የሚገባው የፒቲኦ ነው። ከመቀመጫው በስተቀኝ በቅስት ላይ የሚንሸራተቱት የሃይድሮሊክ ማንሻ ናቸው። በቀኝ ተረከዝ ሥር፣ ወደ ኋላው አክስል የሚገባው ፔዳል የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ያያይዛል። ከዳሽቦርድ በቀጭን ዘንግ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ደግሞ አስቀድመን ያየነው መልቲ ፓወር ነው።

ካምቢዮው ላይ ካሉት ሁለት እጀታዎች አንዱ ዋናው የማርሽ እጀታ፣ ሌላው ማርሾቹን በሙሉ ዝቅተኛ ወይም ከፍተኛ የሚያደርገው የክልል እጀታ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ሁለቱንም በዝግታ ያንቀሳቅሱ። ዋናው ወደ ጎንም ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ብዙ መግቢያ አለው። የክልሉ ቦታዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ፣ በመካከል ደግሞ ዜሮ። ይህ መካከለኛ ቦታ ሌላም ሥራ አለው፤ ፋብሪካው የማስነሻውን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የክልሉ እጀታ እዚያ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የክልሉን እጀታ ለመለየት አጭሩ ፈተና ይኼው ነው፤ ዋናው እጀታ ዜሮ ላይ ሆኖ የክልሉን እጀታ ከመካከል ሲያወጡት ሞተሩ የማይነሳ፣ ሲመልሱት የሚነሳ ከሆነ አግኝተውታል። በሁሉም ቦታ የሚነሳ ከሆነ ግን አንድ ሰው የደህንነት ማብሪያውን በሽቦ አልፎታል ማለት ነው። ያንን ሽቦ ሳያነሱና ማብሪያውን ሳይመልሱ ትራክተሩን ሥራ ላይ አያውሉ። መሬት ላይ ቆሞ ማስነሻውን የነካ ሰውን ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይጨፈልቀዋል።

ስንት ማርሽ እንዳለው ማወቅ ከዚህ በኋላ የቁጥር ጉዳይ ነው። በዋናው እጀታ የፊት ማርሾቹን ይቁጠሩ። 3 የፊትና 1 ሪትሮ ካገኙ፣ በሁለቱ ክልሎች ሲባዛ 6 የፊትና 2 የኋላ ይሆናል፤ በመልቲ ፓወር ደግሞ በ2 ሲባዛ 12 የፊትና 4 የኋላ። ዋናው እጀታ 4 የፊት ማርሽ ካለው ሌላው ዓይነት ነው፤ 8 የፊትና 2 የኋላ። ዳሽቦርዱ ላይ ትንሹ እጀታ መኖሩ ካምቢዮው መልቲ ፓወር ለመሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ የተለያዩ ትራክተሮች አካላት የተገጣጠሙበት ብዙ አለ። የ10 ሜትሩ ፈተና ግን አይዋሽም።

ክልልም ሆነ ዋና ማርሽ ትራክተሩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ይቀየር። እየሄዱ ማርሽ መቀየር የለመዱ የመኪና ሰዎች እዚህ ጥርስ ይሰብራሉ። ለሥራው የሚሆነውን ማርሽ መርጠው ይነሱ፤ መንገድ ላይ የሚቀየረው መልቲ ፓወሩ ብቻ ነው።

የግራው ዝቅተኛ እጀታ ሦስት ቦታ አለው፤ ፒቲኦን ከሞተር ጋር የሚያያይዝ፣ ዜሮ፣ እና ፒቲኦን ከጎማ ጋር የሚያያይዝ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፣ ብዙ መሣሪያ የሚሰበረውም በእሱ ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ፣ ዋናውን ማርሽ ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ይሁን፣ አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጦ ይያዝ። እርስዎ ከኋላ ሆነው የፒቲኦውን ዘንግ በእጅዎ ያዙሩ። በዜሮ ላይ በቀላሉ ይዞራል። ከሞተር ጋር በተያያዘበት ቦታ ይዞራል ግን ይከብዳል፤ የሃይድሮሊኩን ፓምፕ አብሮ ስለሚጎትት። ከጎማ ጋር በተያያዘበት ቦታ ግን ከትንሽ ጨዋታ በኋላ ድርቅ ይላል፤ ፍሪሲዮኑ ቢረገጥም ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚወሰደው ከካምቢዮው በኋላ ነው፤ ጎማው በፍሬን ከተያዘ ዘንጉም ተይዟል። በዚህ ቦታ ላይ ፒቲኦው ትራክተሩ ሲቆም ይቆማል፣ ሪትሮ ሲገባ ወደ ኋላ ይዞራል። ከጎማው ጋር እኩል መራመድ ላለበት መሣሪያ ብቻ የታሰበ ነው። ሣር ማጨጃ ወይም ውሃ ፓምፕ በዚህ ላይ ሰክተው ወደ ኋላ ቢሄዱ መሣሪያውን ያበላሻሉ። ቦታውን ለይተው እንዳይገባ በቀይ ቀለም ምልክት ያድርጉበት።

ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ሲረግጡ ፒቲኦው መቆሙ ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን መሆኑን ይናገራል። እስከ አጋማሹ ሲረገጥ ጉዞው ብቻ ይቋረጣል፤ እዚያ ላይ እግርዎ ሁለተኛ ክብደት ያገኛል። ከዚያ አልፎ ሲረገጥ ፒቲኦውም ማንሻውም ይቆማሉ። ስለዚህ ማጨጃው እየሠራ ትራክተሩን ብቻ ማቆም ከፈለጉ ፔዳሉን ሁለተኛው ክብደት ላይ አስቁመው ይያዙ። ፔዳሉ መሬት ደርሶም ፒቲኦው የማይቆም ከሆነ ሁለተኛው ደረጃ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ፔዳሉ ገና ሲነካ ሁለቱም አብረው የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠፍቷል። ሁለቱንም ፍሪሲዮኑ ራሱ ላይ ያስተካክላሉ እንጂ በፔዳሉ ዘንግ አይሸፍኑት።

የዲፈረንሻል መቆለፊያውን በአጭሩ፤ አንዱ ጎማ በጭቃ መንሸራተት ሲጀምር ነዳጁን ቀንሰው ጎማዎቹ ዝግ ሲሉ በተረከዝ ይጫኑት። በፍጥነት እየተሽከረከረ ባለ ጎማ ላይ መጫን ጥርሱን ይበላዋል። ሁለቱም ጎማዎች እኩል መያዝ ሲጀምሩ በራሱ ይለቃል፤ እምቢ ካለ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ። ተቆልፎ ሳለ መሪ አያዙሩ።

መልቲ ፓወር ሲታመም የሚያሳየው ምልክት ከተራ ፍሪሲዮን የተለየ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። የከፍተኛው ዲስኮች ሲንሸራተቱ ሞተሩ ለብቻው አይጮህም፣ ትራክተሩም አይቆምም፤ ጭነት ሲበዛበት ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርድና በዚያ ይቀጥላል፤ ቀርፋፋው ጥንድ ከታች ሆኖ ስለሚቀበለው ነው። ባዶውን ሲሄድ ጤነኛ ይመስላል። እንዲህ ካየ ሰው በቅድሚያ የዘይቱን መጠን፣ ቀጥሎ የትንሹ እጀታ ዘንግ እስከ መጨረሻ መድረሱን ይይ፤ ቀጥሎ የዘይት ግፊቱ ይለካ። ካምቢዮ መክፈት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ነገሩ ተገልብጦ በከፍተኛው የሚሄድ በዝቅተኛው ግን የማይንቀሳቀስ ከሆነ የባንድ አቅጣጫው መያዣ ተሰብሯል፤ ያን ጊዜ መክፈት ግድ ነው። አስተውሉ፣ ዲስኮቹ የሚንሸራተቱ ከሆነ ከፍተኛውም ቁልቁለት ላይ አይይዝም። ስለዚህ ከላይ ያልኩት ጥንቃቄ የሚሠራው የ10 ሜትሩን ፈተና ላለፈና ጭነት ሲበዛበትም ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ለማይወርድ ትራክተር ብቻ ነው።

በዚህ ትራክተር የካምቢዮ፣ የኋላ አክስልና የሃይድሮሊክ ዘይት አንድ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ መልቲ ፓወሩም ማንሻውም ተያይዘው ይታመማሉ። ለትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ በጋራ የተዘጋጀ ዘይት ይግዙ እንጂ ለመኪና ዲፈረንሻል የተሠራ ወፍራም ዘይት አይጨምሩ።

ማርሹ ከጥርሱ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ የያዣው ኳስና ሞላ ደክሟል፣ ወይም የጥርሱ ጫፍ ተበልቷል፣ ወይም ኩሽኔታው ልል ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል መመርመር ይጠቅማል። እጀታውን በእጅ ይዞ መንዳት የጥርሱን መበላት ያፋጥናል። ማርሽ ሲገባ የሚጮህ ከሆነ በቅድሚያ የፍሪሲዮኑን ነጻ ጨዋታ ያስተካክሉ፤ ጨዋታው ከበዛ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ድንገት ሁለቱም ጎማ ድርቅ ብሎ እጀታው ደግሞ ልቅ ከሆነ፣ የእጀታው የታች ጫፍ ተበልቶ ሁለት ማርሽ አንድ ላይ ገብቷል። ጎትተው ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ ክዳኑን አንስተው ማርሾቹን የሚገፉትን ሹካዎች ወደ ዜሮ ይመልሱና ጫፉን ያድሱ።

ጽሑፍ የጠፋበት ሌላ ትራክተር ላላቸው፦ ይህ ቁልቁለት ላይ የመልቀቅ ጠባይ የማሲ ብቻ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. በፋርሞል ትራክተር ላይ የጀመረው፣ የኢንተርናሽናል ፋብሪካ ቶርክ አምፕሊፋየር የሚባለው ክፍልም እጀታው ወደ ኋላ ተስቦ ፍጥነት ሲቀንስ እንዲሁ ይለቃል። በአሮጌው ፈርጉሰን 20 ላይ የማስነሻው ቦታ በራሱ በማርሽ እጀታው ላይ ነው፤ ፒቲኦው ካልገባም የሃይድሮሊክ ፓምፑ አይዞርም፤ ማንሻ ተበላሸ ብለው ከመክፈትዎ በፊት የፒቲኦውን እጀታ ይዩ። የቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ በአንዱ ረጅም እጀታ ክልሉንም ማርሹንም ያስመርጣል፤ ክልሉ ከገባ በኋላ እጀታው ወደ ዜሮ ተመልሶ ማርሹ ይመረጣል። 9ኙ የፊት ማርሽ ፍጥነት ከሚቀንሰው ተጨማሪ ማርሽ ጋር 18 የፊት ይሆናል፤ የኋላው ደግሞ 4። ፎርድ ላይ ፍሪሲዮን የሌለ የሚመስል፣ 10 የፊት ማርሽ በአንድ መራጭ የሚሰጥ ካገኙ ሰለክት ኦ ስፒድ ነው፤ እሱን በዚህ መንገድ አይፈትኑት።

ሁሉንም ለይተው ሲጨርሱ ቀለም ብቻ አይቀቡ፤ ናፍጣና እጅ በአንድ ወቅት ያጠፉታል። ከቀጭን ላሜራ ቁራጭ ቆርጠው ፊደሉን በመዶሻ ይምቱበትና በእጀታው ሥር በቡሎን ይሰሩት። ከመሪው አጠገብ ካለው ትንሽ እጀታ ጎን ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ቁልቁለት፦ ከፍተኛ። ሲቆም፦ የእጅ ፍሬንና ታኮ።»